«መቶ በመቶ አሳለፍን» ስትሉ፣ ከስንቱ?

የመውጫ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር ፌስቡኩ በባነር ይጥለቀለቃል። «ዲፓርትመንታችን ተፈታኞቹን መቶ በመቶ አሳለፈ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!» ከሥሩ የዲኑ ፎቶ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ለልጆቹ እኔም አጨበጭባለሁ፤ ለፍተው ያመጡት ነው። ለባነሩ ግን እጄ አልሄድ ብሎኛል። ከስንቱ ነው መቶ በመቶው?

እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። እንበልና አንድ ዲፓርትመንት 100 ተማሪ ተቀበለ። 20ው በውጤት ተባረሩ። 10ሩ ዊዝድሮው ሞልተው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። ሌሎች 20 ኮርስ ተንጠልጥሎባቸው ከባቻቸው ወደ ኋላ ቀሩ። የተረፉት 50 ተፈተኑ፣ 40ው አለፉ። ባነሩ «80 በመቶ» ይላል። በግቢው በር ከገቡት ውስጥ በጊዜያቸው የወጡት ግን 40 ናቸው። ሁለቱም ቁጥር ውሸት አይደለም። ችግሩ አንደኛው ብቻ መለጠፉ ነው። 60ዎቹ የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይባስ ብሎ ደግሞ፣ በዚህ አቆጣጠር ደካማ ተማሪን ቀድሞ ማባረር ያስመሰግናል! ደግፎ እስከ መጨረሻው ያደረሰ መምህር ፐርሰንት ያወርዳል፣ በጊዜ ያሰናበተ ፐርሰንት ያወጣል። እንዲህ ያለ መለኪያ ጤነኛ ነው ትላላችሁ?

እንዳትሳሳቱብኝ፤ ፈተናው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሕግ ተማሪዎች ከሌላው ቀድመው ለዓመታት ሲፈተኑ ኖረዋል። በ2015 ዓ.ም. ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂ ይፈተን ሲባል ደግሞ ብዙ የተሸፈነ ነገር ተገለጠ። በዚያ ዓመት ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ አባት ይህን የማወቅ መብት አለው። ፈተናው ባይኖር ማንም አይነግረውም ነበር።

ግን አንድ ፈተና የአራት ዓመት ትምህርት ብቸኛ መለኪያ ሲሆን ትምህርቱን ይበላዋል። በኮምፒውተር የሚሠራ የምርጫ ጥያቄ ነው። ልጁ ሪፖርት መጻፍ ይችል እንደሆነ፣ ላብራቶሪ ገብቶ ዕቃ መንካት ይችል እንደሆነ፣ በሰው ፊት ቆሞ ሐሳቡን ማስረዳት ይችል እንደሆነ አይጠይቀውም። እኔ ራሴ የአራተኛ ዓመት የተግባር ትምህርት ቶሎ ጠቅልልና ለብሉፕሪንቱ ቱቶሪያል ስጥ ተብዬ አውቃለሁ። ሰጠሁ። አንዷ ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ኤግዚት ላይ ይመጣል እንዴ?» አለችኝ። «አይመጣም» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በእሷ አልፈርድም። ያስተማርናት እኛው ነን።

ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ም 3.2 በመቶ። ለዚህ ነው ሪሚዲያል የመጣው። ታዲያ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ልጆች ተሻምተው የሚመርጡት ግቢና አብዛኛውን ተማሪውን በሪሚዲያል አልፎ የሚቀበል ግቢ እኩል 70 በመቶ ቢያሳልፉ፣ እኩል ሠሩ ይባላል? ለም መሬት ያረሰና ጭንጫ ያረሰ ገበሬ እኩል ኩንታል ቢያስገቡ፣ ጎበዙን ለመለየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ስለዚህ ከባነሩ ጋር አራት ነገር አብራችሁ ለጥፉልን። አንደኛ፣ ከገቡት ስንቱ፣ በስንት ዓመት ወጡ? የሴቶቹ፣ የአካል ጉዳተኞቹና ከገጠር የመጡት ለብቻ ይታይ። ሁለተኛ፣ ያቋረጡት ለምን አቋረጡ? በውጤት፣ በሕመም፣ በገንዘብ ችግር ወይስ በጸጥታ? ሦስተኛ፣ ሲገቡ ከነበሩበት ሲወጡ ምን ያህል ከፍ አሉ? አራተኛ፣ ከተመረቁ ከአንድ ዓመት በኋላ ምን እየሠሩ ነው?

«ዳታ የለም» እንዳትሉኝ ብቻ። የመጀመሪያው ሬጅስትራር ጋ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛውን ልጁ ሲወጣ አንድ ፎርም ማስሞላት ነው። ሦስተኛው የመግቢያውን ውጤት ከመውጫው አጠገብ ማስቀመጥ ነው። አራተኛውን ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። የጠፋው ፍላጎት ነው እንጂ በጀት አይደለም።

የመጨረሻዋን ለቀድሞ ተማሪዎቼ። ሴሚስተር መሀል ላይ ከክፍሌ የጠፋችሁ ነበራችሁ። ሁለት ሳምንት ስማችሁን ጠርቼ፣ በሦስተኛው አቴንዳንሱ ላይ መስመር አስምሬ አለፍኩ። ለምን እንደቀራችሁ አልጠየቅኩም። በየትኛውም ሪፖርቴ ውስጥ የላችሁም፤ ያለፈው ተማሪ ፐርሰንት ግን አምሮ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህን ያነበበ ካለ ምን ሆኖ እንደቀረ በኮሜንትም ሆነ በውስጥ መስመር ይንገረኝ። ዘግይቶም ቢሆን መቁጠር ከዚህ ልጀምር።