ከቡፌው በፊት ለጓዳው መደርደሪያ!

ሳሎናችን ያምራል። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ግድግዳ የሞላው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ ሁሉም ብዙ ብር ወጥቶበታል። ጓዳችን ውስጥ ግን ሽንኩርቱ ከጫማ፣ ሽሮው ከበረኪና ጋር መሬት ላይ ተቆልሏል። እንግዳ አያየውማ!

አቋሜ ግልጽ ነው፤ አዲስ ቡፌ ከመግዛታችን በፊት ለጓዳው መደርደሪያ ይሠራለት።

"ጠባብ ናት፣ ምን ይሠራላታል?" ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ እኮ ጠባብነቷ ነው! ጀሞም ኖራችሁ የካ አባዶ፣ ኪራይ የምትከፍሉት ለሙሉ ክፍሉ ነው፤ የምትጠቀሙበት ግን እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ። ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳ ባዶውን ነው። ከታች የተቀበረው ስለማይታይም ሽሮ እያለ ሌላ ሽሮ ይገዛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ከገንዘብ የሚብስም አለ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና ወለል ላይ ሲቀመጥ ለሕፃን ልጅ ውሃ ነው። ቦታው ከምግብ ተለይቶ፣ ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለበት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ሞራሌ ይታሰራል፣ ጣውላው በላዩ ያርፋል፤ ቦታ የሚይዝ እግር አያስፈልገውም። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምስማር አይበቃውም፤ ፊሸርና ረጅም ብሎን ይግባለት። ከመበሳቱ በፊት የመብራትና የውሃ መስመሩ የት እንዳለ ይጣራ። ጓዳው ከመታጠቢያ ቤት ጋር ግድግዳ ከተጋራ ቺፑድ ይቅር፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ከኋላ ያለው ዕቃ ይረሳል።

የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ 70 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ቦታው ከታች ነው። የጤፉ ጆንያ ግን ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ ርብራብ ይግባለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አናጢው ሲመጣ ልኬቱን የሚጠይቀው ከፋዩን አባወራ ነው። አባወራው ደግሞ ጓዳ የሚገባው ስንት ቀን ነው? ውጤቱ በርጩማ ካልተወጣበት የማይደረስ መደርደሪያ ነው። በቀን አሥር ጊዜ የምታጎነብሰው እናት ወይም የቤት ሠራተኛዋ እጇን ዘርግታ ታሳይ፤ የላይኛው መደርደሪያ ልክ እሱ ነው። ሠራተኛዋን መጠየቅ ክብራችሁን አይቀንሰውም።

ተከራይ የሆናችሁ፣ አከራያችሁ ግድግዳ መብሳት ከከለከለ በአንግል ብረት የሚቆም አሠሩ። ቤት ስትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል።

እንግዳ በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣል። ጓዳው ውስጥ ግን በየቀኑ የምትደክም ሰው አለች። ብሩ መጀመሪያ ለማን መውጣት አለበት? እስቲ ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ።