የቅንድብ ጌጥ በኳስ ጨዋታ ቀን

ቅንድብ ለፊት ጌጥ ብቻ ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። ከግንባር የሚወርደውን ላብና የዝናብ ውሃ ወደ ዓይን እንዳይገባ ወደ ጎን የሚመልስ የዓይን ዘበኛ ነው። ደግሞም የሰው ቁጣውና ደስታው፤ መገረሙና መጠራጠሩ አስቀድሞ የሚነበበው በቅንድቡ ላይ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ የሊቃውንት ምርመራ፤ የታወቁ ሰዎች ፎቶግራፍ ቅንድቡ ተፍቆ ሲታይ፤ ዓይኑ ተፍቆ ከሚታየው ይልቅ ባለቤቱን ለመለየት አስቸጋሪ መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ ሴቶች ከጥንት ጀምረው ቅንድባቸውን ለማሳመር መድከማቸው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ እናስተውላለን።

በዚህ ዓምድ ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ግን ለሠርግና ለበዓል ስለሚደረገው ኩል ሳይሆን፤ ወጣቶች ወደ ኳስ ሜዳ በሚሄዱበት ቀን በቅንድባቸው ላይ ስለሚያደርጉት ጌጥ ነው። ይህ ልማድ በአገራችን ሰው ፊት ላይ እንዴት እንደ ጎላ ለማስታወስ ያህል፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከብዙ ዘመን በኋላም፤ ከዚህ ውድድር 31 ዓመት ርቆ ከቆየ ወዲህ፤ እንደ አጋጣሚ በዚያው በጥር 13 ቀን በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በኔልስፕሩይት ከተማ ከዛምቢያ ጋራ ተጫውቶ 1 ለ 1 ወጣ። በዚያ ቀን በሜዳው ዙሪያ የተሰበሰበው ወገናችን ልብሱን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም አረንጓዴ፤ ቢጫ፤ ቀይ አድርጎ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ልጆቻችንም ወንዶች ልጆቻችንም በጨዋታ ቀን ከመስተዋት ፊት ሲቆሙ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን በማየት የሚቈጡ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን። እኛ ግን በውሃ ታጥቦ የሚለቅ ቀለም፤ በልክና በጥንቃቄ ከሆነ፤ ነውር ነው አንልም። አያቶቻችን በእንሶስላ እጅና እግራቸውን ያቀሉ፤ በግንባራቸውም መስቀል ይነቀሱ ነበር። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። አባቶቻችን «ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች» ብለው የተረቱት ለቀልድ ብቻ አይደለምና፤ ዘበኛውን ስናስጌጥ የሚጠብቀውን ዓይን እንዳንጎዳ ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ይህም ተረት በእውነት የተፈጸመበትን አንድ ነገር እንናገር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ግዛት የምትኖር አንዲት ሴት ወደ አንድ የማታ ስብሰባ ከመሄዷ በፊት፤ ቅንድቧንና ሽፋሽፍቷን ላሽ ሉር በሚባል ቀለም አስነከረች። ቀለሙ ከከሰል ቅጥራን የሚወጣ፤ ጸጉር የሚያጠቁር መድኃኒት ነበረበት። ዓይኖቿ ቆስለው ብርሃናቸው ጠፋ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ ስለ መኳኳያ ዕቃ የሚናገረው ነገር ስላልነበረ፤ መንግሥት ቀለሙን ከገበያ ለማንሣት ሥልጣን አላገኘም። በ1938 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ሕግ መኳኳያን ሁሉ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያዋለው፤ እንዲህ ያለው መከራ ከታየ በኋላ ነው። ዛሬም በዚያ አገር በሚሸጠው የዚህ ዓይነት የጸጉር ቀለም ዕቃ ላይ፤ ለቅንድብና ለሽፋሽፍት እንዳይደረግ፤ ቢደረግ ግን ዓይን ሊያሳውር እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ቃል ይጻፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን የጸጉር ማጥቆሪያ ቀለም በምንም ምክንያት ወደ ቅንድብ እንዳይቀርብ ነው።

ሁለተኛው ስለ ኩል ነው። ኩል በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከጥላሸት የሚሠራ አለ፤ ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚሠራም አለ። የጥንት ግብፃውያን ጋሌና የሚባለውን ጥቁር ድንጋይና ማላኪት የሚባለውን አረንጓዴ ድንጋይ እየፈጩ ይኳሉ ነበር። ጋሌና የተባለው ድንጋይ ግን እርሳስ ከድኝ ጋራ ተዋሕዶ የሚገኝበት ነው፤ እርሳስ ስንል የጽሕፈቱን ሳይሆን የጥይት ዓረር የሚሠራበትን ከባድ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን ወደ ሰውነት በገባ ጊዜ ይልቁንም የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያመጣ የሚባል መጠን እንዳልተገኘለት አስታውቋል። ከምን እንደ ተሠራ ያልታወቀ ኩል ለሕፃን ዓይን ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም፤ ለታላቅም ቢሆን ባይደረግ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ለጀማሪ እጅ ሁለቱን ቅንድቦች አስተካክሎ መሣል ከባድ ስለ ሆነ፤ ስቴንስል በሚባል ቅርጽ ማውጫ መጠቀም ይቀላል። ስቴንስል በጽሕፈት ቤት ለሠሩ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ ደብዳቤ በማባዣ መኪና ይባዛ በነበረበት ዘመን፤ በሰም የተቀባው ወረቀት በፊደል ቅርጽ እየተበሳ ቀለሙ በቀዳዳው ያልፍ ነበር። የቅንድቡም እንዲሁ ነው፤ በቀጭን ተጣጣፊ ፕላስቲክ ላይ የቅንድብ ቅርጽ ተቆርጦ ይወጣል፤ ቀለሙም በዚያ ክፍት ሥፍራ ብቻ ያርፋል።

አስቀድሞ የራስን ቅንድብ ልክ ማወቅ ያስፈልጋል። ስንደዶ ወይም ቀጭን ብዕር ከአፍንጫ ክንፍ ጠርዝ አንሥቶ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ቢያቆሙት የቅንድቡ መነሻ ይታወቃል። ታችኛውን ጫፍ ሳያነሡ በዓይን ብሌን ውጫዊ ጠርዝ በኩል ቢያዘነብሉት ከፍ የሚልበት ሥፍራ፤ በዓይን ውጫዊ ማዕዘን በኩል ቢያዘነብሉት ደግሞ መጨረሻው ይገኛል። ከዚህ ልክ ጋራ የሚስማማውን ስቴንስል መምረጥ ነው እንጂ፤ ቅርጹ አማረኝ ተብሎ የተፈጥሮ ቅንድብን እስኪያልቅ መንቀል አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የተነቀለ ጸጉር ተመልሶ ላይበቅል ይችላልና።

ከዚያ በኋላ ፊትን ታጥቦ በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ ነው፤ በቅባት ላይ ዱቄት አይጸናም። ጸጉሩን በትንሽ ብሩሽ ወደ ላይ ካበጠሩ በኋላ፤ ስቴንስሉን በሁለት ጣት አጥብቆ ይዞ፤ ብሩሹን ዱቄት አስነክቶ፤ የተረፈውን አራግፎ፤ ሳይጎትቱ በቀስታ መታ መታ ማድረግ ነው። ከቅንድቡ ጅራት ጀምሮ ወደ መነሻው ሲደርሱ ቀለሙን ማሳሳት ያሻል፤ መነሻው የጠቆረ እንደ ሆነ ፊትን የተቈጣ ያስመስላል። ስቴንስሉንም ወደ ጎን ሳይንሸራተት ቀጥ አድርጎ ማንሣት ነው። ለሁለተኛው ቅንድብ ከመገልበጡ በፊት ሁለቱን ገጽ መጥረግ አይዘንጋ፤ አለዚያ የቀረው ቀለም ግንባርን ያበላሻል።

የሰንደቅ ዓላማው ቀለም ግን በቅንድቡ ጸጉር ላይ ሳይሆን ከቅንድቡ በላይ፤ ወደ ጅራቱ በኩል ቢደረግ ከዓይን ይርቃል፤ ጎልቶም ይታያል። ለዚህ ሥራ ቀጫጭን መስመር የተቆረጠለት ሌላ ስቴንስል አለ። አረንጓዴው ከላይ፤ ቢጫው ከመካከል፤ ቀዩ ከታች መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ከመስተዋት ፊት የቆመ ሰው ግራና ቀኝ ቢምታታበት እንኳ ላይና ታች ሊምታታበት አይገባም። አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላው እንዳይጨመር። ቀለሙም ለፊት ተብሎ የተሠራ፤ በውሃ የሚለቅ ይሁን፤ የግድግዳ ቀለምና የትምህርት ቤት ቀለም ለቆዳ አልተሠራም። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከዓይን አጠገብ አይደረግ፤ ብናኙ ዓይን ውስጥ ገብቶ ብሌኑን ሊቧጥጥ ይችላል። ቀለሙ ከቆዳ ጋራ መስማማቱንም ለማወቅ፤ ከጨዋታው አንድ ቀን አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛው ክፍል ጥቂት ቀብቶ ማየት ነው፤ ካሳከከ ወይም ካቀላ ይተዋል።

በሜዳው ፀሐይ ላብ በወረደ ጊዜ በስስ መሐረብ ጫን ጫን ማድረግ እንጂ ማሸት አይገባም። ቀለሙ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው፤ ሕመሙ ካልተወ ወይም ማየት ከደበዘዘ ጨዋታው እስኪያልቅ ሳይቆዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ብሩሽና የቅንድብ እርሳስ፤ መሐረብም እኅትማማቾች እንኳ ሊዋዋሱት አይገባም፤ ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማ በአገራችን ብዙ ሰው የጎዳ ሲሆን፤ በእጅና ዓይን በተጠረገበት ጨርቅ ይተላለፋል። ማታም ሳይታጠቡ መተኛት አይገባም።

ከዚህ ቀጥሎ ለአባቶች የምንለው አለን። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ቅዱስ ጊዮርጊስን፤ ሌላይቱ ኢትዮጵያ ቡናን ትወድ ይሆናል። በየወገናቸው ቀለም ተውበው አብረው ወጥተው አብረው ከተመለሱ፤ ቤቱ ደስ የሚል ቤት ነው። ቀለሙ ማታ በሳሙና ይለቃል፤ በሜዳ ላይ ለተሸናፊው የተወረወረ ስድብ ግን በሳሙና አይለቅምና፤ ልጆቻችንን ከመኳኳሉ አስቀድመን ይህን እናስተምራቸው።

ልጅቱንም ከመስተዋት ፊት ቆማ ባገኟት ጊዜ፤ አባት ሆይ፤ ከመገሠጽ አስቀድመው የቀለሙን ዕቃ ተቀብለው በላዩ የተጻፈውን ያንብቡላት። ለፊት የተሠራ መሆኑን፤ ለዓይን አካባቢ የተፈቀደ መሆኑን፤ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ይመልከቱ። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ፤ ዋጋው ቢረክስም ከቤት እንዳይገባ ያድርጉ።