ቤቱን የሚያነሳው ማን ነው? ስለ ዶርዜ ቤትና ስለ አርባ ምንጭ የቤት ሽያጭ የቀረበ ምላሽ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ እንግዳ ዶርዜ ሃይዞ ላይ ሲያርፍ የሚነገረው ነገር አንድ ነው። አስጎብኚው የዝሆን ራስ በሚመስለው የቀርከሃ ቤት ፊት ይቆምና ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን፣ ወደ ፊት ወጣ ያለውን መግቢያ ኩምቢ እያለ ያሳያል። ቀጥሎ የምስጥ ነገር ይነሳል። ምስጥ ከሥር ይበላል፣ ባለቤቱ የተበላውን ይቆርጣል፤ አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ የሚችለው ቤት ባለቤቱ ሲያረጅ አብሮት ያጥራል። መዝጊያው ሁልጊዜ ሳቅ ነው፦ ጎረቤት ካስቀየመህ ቤትህን ተሸክመህ ትሄዳለህ።

ቀልዱ በቀልድነቱ ቢቀር ምላሽ ባላስፈለገው። ግን ወደ ቁም ነገር ተሻግሯል። ስለ ጋሞ ባህል ሲወራ «የጋሞ ሰው ቤቱን ከቦታ ጋር አላቆራኘም፤ ቤት ለእሱ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የዚህ አባባል ከተማ የገባው ወንድም ደግሞ በአርባ ምንጭ ደላሎች አፍ ላይ አለ፦ ቤቱን ቀለም አስቀባ፣ አጥሩን አስጠግን፣ ካርታህን አዘጋጅ፤ ሰፈሩን ገዢው ገብቶ ይለምደዋል። አንደኛው ባህል ይጠቅሳል፣ ሁለተኛው ገበያ። የሚሉት ግን አንድ ነው፤ ቤት ከጎረቤት ተነጥሎ ሊታይ፣ ሊዘጋጅና ሊሸጥ ይችላል። የምሟገተው ከዚህ ጋር ነው።

ቤቱ እንደሚነሳ አልክድም። እንደ ቅርጫት ተሸምኖ የሚሠራ ነው፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም፤ ስለዚህ ከመሬቱ አላቅቆ ሌላ ቦታ ማቆም ይቻላል። ጥያቄው ማን ያነሳዋል የሚለው ነው። ባለቤቱ ከነልጆቹ አይችለውም። እንጨት ገብቶለት፣ የመንደሩ ወንዶች ዙሪያውን ይዘውት፣ በአንድ ድምፅ ተባብለው ነው ከመሬት የሚለቀው። እንግዲህ ከጎረቤቶቹ ጋር የተጣላው ሰውዬ ማንን ሊጠራ ነው? ቤቱ የሚንቀሳቀሰው ባለቤቱ ከሰው ጋር እስከተስማማ ድረስ ብቻ ነው። ለነጻነቱ ምስክር ተደርጎ የሚጠራው ቤት ስለ ጎረቤት ይመሰክራል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥናት ይረዳናል። ከዶርዜዎች ጋር ኖሮ ያጠናቸው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ ባሳተመው ሥራው የነብሩን ነገር ያነሳል። ለዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፤ ጾም ያከብራል። ሆኖም ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ዶርዜው ከብቶቹን ከነብር መጠበቁን አይተውም። የሚነገረውና የሚደረገው ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ማንም አይቸገርም። «ቤትህን ተሸክመህ ትሄዳለህ» የሚለውም በእኔ ንባብ የነብሩ ጾም ነው። ይነገራል፤ በእሱ ተማምኖ ጎረቤቱን የሚያስቀይም ሰው ግን አላየሁም።

ዶርዜው አገሩን ለቅቆ ሲወጣ የሚያደርገውንም እንይ። ሸማኔው አዲስ አበባ ገብቶ ብቻውን የተከራየበትን ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሽሮ ሜዳንና የጉለሌ አካባቢን በሸማ የሞላው ወንድም ወንድሙን፣ ዘመድ ዘመዱን እየሳበ ነው። የቀርከሃውን ቤት ሃይዞ ትቶ የሄደ ሰው ተሸክሞ የወሰደው ጎረቤቱን ነው።

ሕጉም ቢሆን ለተቃራኒዎቼ የሚያደላ ይመስላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል፤ የከተማ ቦታን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ 47/1967 ነበር። ስለዚህ በአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ቤቱን የሚሸጥ ሰው በወረቀት የሚሸጠው ግድግዳውን፣ ቆርቆሮውንና በሩን ነው። በሊዝ አዋጁ በ721/2004 መሠረት ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ገዢው የሻጩን መሬት ወረሰ ማለት አይቻልም። ቤትና መሬት በሕግ ፊት እንደ ዶርዜው ቤት ተለያይተዋል። ዋጋው ግን ይህን አልሰማም። ተመሳሳይ ባለ ሦስት ክፍል ቤት በአንዱ ሰፈር በአንድ ዋጋ፣ በሌላው በእጥፉ የሚጠየቅበት ምክንያት ከብሎኬቱ አይመጣም። ደላላው ለሻጭ «ሰፈሩን ተወው» ይላል፤ ለገዢ ዋጋ ሲጠራ ግን መጀመሪያ የሚያነሳው ሰፈሩን ነው። ኮሚሽኑም የሚታሰበው በዚያው ዋጋ ላይ ነው!

እናም አርባ ምንጭ ላይ ሰፈር ማወቅ ምን ማለት ነው? ከተማዋ ራሷ የተነሳ ቤት ናት። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበር፤ በ1950ዎቹ ከብርዱና ከጭጋጉ ወርዶ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አናት ላይ ተተከለ። የደገኛው ጋሞ፣ የወላይታው፣ የጎፋው፣ የአማራው፣ የጉራጌው፣ የኮንሶው ሰው እየመጣ ሞላት። መጤ ያልነበረ ሰፈር የላትም ብል ብዙ አልተጋነነም። ሆኖም በ4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያሉት ሲቀላና ሴቻ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ኑሮዎች ናቸው። ሲቀላ ከታች ነው፤ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ሙቀቱና ወባው እዚያ ይበረታሉ፣ የኩልፎ ወንዝም ጎረቤት ነው። ሴቻ ከላይ ነው፤ ነፋሱና የአባያና የጫሞ እይታ አለው፣ መሥሪያ ቤቶቹም ወደዚያ ያደሉ ናቸው። ከተማዋን ስም ያወጡላት ምንጮች ከገደሉ ሥር ስለሆኑ ውሃ ወደ ላይ የሚሄደው ተገፍቶ ነው። ሴቻ ላይ ቤት የሚያይ ሰው ሐይቁን ካየ በኋላ ጓሮ ዞሮ የሮቶውን መጠንና የጀሪካኖቹን ብዛት ቢቆጥር ስለ ሰፈሩ የውሃ ቀናት ከደላላው የበለጠ ይማራል።

ጊዜውም አለ። የአርባ ምንጭ ዋና ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል፣ ሌላው በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። ቤት የሚታየው ግን በብዛት በበጋ ነው፤ ግቢው ደርቆ፣ ጣሪያው ሳይፈተን፣ የጎርፍ መውረጃው ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ መስሎ። ሲቀላ ውስጥ በየካቲት ያየሁት አንድ ቤት ከነኮርኒሱ አዲስ ቀለም የተቀባ ነበር። ሳሎኑ ገና ቀለም ይሸት ነበር። ከቡፌው ጀርባ ግን ቀለሙ ያልደረሰበት አንድ ክንድ ያህል ግድግዳ ቀርቶ ነበር፤ ከሊሾው ከፍ ብሎ ቡናማ መስመር፣ ልክ በማስመሪያ የተሰመረ። ውሃ የቆመበት ልክ ነው። የበሩን መቃን ታች በቁልፍ ጫፍ ነካ ሳደርገው ቁልፉ ያለ ድምፅ ገባ። ምስጥ። ሻጩን ሳይሆን ከአጥሩ ወዲያ እንጀራ የምትጋግረውን ጎረቤት ጠየቅኋት፤ ውሃው በየትኛው ዓመት፣ ከየት በኩል እንደገባና የማን ፍየል እንደወሰደ ሳይቀር ነገረችኝ።

ከዶርዜ ቤት መማር ካለብን እዚህ ላይ ነው። ያ ቤት ምስጡን አይደብቅም። ከሥሩ የተቆረጠው ሁሉ በቁመቱ ላይ ይነበባል፤ የአላፊ አግዳሚ ዓይን ዕድሜውን ያውቃል። የከተማው ቤት ያንኑ ምስጥ በቀለም ሸፍኖ ገበያ ይወጣል። ማዘጋጀት የሚባለው ይህ ከሆነ ለሻጩም አይበጀውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ዋስ ነው፤ ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀው ጉድለት ግን በኋላ የክስ ምክንያት አይሆንም። ስንጥቁን አሳይቶ ከዋጋው ትንሽ የቀነሰ ሻጭ እንቅልፉን ገዝቷል። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ደግሞ ስንጥቅ የሌለው ግድግዳ ማየት ራሱ ያጠራጥራል፤ አፈሩ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይኮማተራል፣ ቤቱም አብሮት ይላወሳል።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ በዚህ ከደላሎቹ ጋር ጠብ የለኝም። ካርታው፣ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑ፣ ግብሩ፣ የትዳር ጓደኛ ፊርማ፣ ሁሉም ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። እንዲያውም እዚህ ላይ ጎረቤት ብቻውን አይበቃም። ሦስት የሰፈር ሽማግሌ የፈረመበት የመንደር ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የተጠየቀውን ምዝገባ አይተካም፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ባልተመዘገበ ውል የገዛ ሰው ሻጩ ሲክደው ባዶ እጁን ሊቀር እንደሚችል ብዙዎች በገንዘባቸው ተምረዋል።

አሁን የተቃራኒዎቼን ጠንካራ ነጥብ ላንሳ፤ እነሱ ራሳቸው ስለማያነሱት። ጎረቤት ሁልጊዜ በር ከፋች አይደለም። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ ደጋላ ተብለው ተለይተው ኖረዋል፤ በብዙ ቦታ መሬት አልያዙም፣ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ከሌላው እኩል አልተቆጠሩም። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2003 ያዘጋጁት ጥናት ይህንን በደቡብ ኢትዮጵያ በስፋት አሳይቷል። ለእንዲህ ያለ ሰው «ዘርህ ማን ነው» ሳይባል በጥሬ ገንዘብ ሲቀላ ላይ ቤት መግዛት ትንሽ ነገር አይደለም። ስም የማይጠይቅ ገበያ ለእሱ አርነት ነው። ይህን የሚክድ ስለ ጋሞ አብሮነት ቢያወራ አልሰማውም።

ነገር ግን ይህ ሰው ምን እንደገዛ ልብ እንበል። ጎረቤት የሌለበትን ቤት አልገዛም፤ የተለየ ጎረቤት ነው የገዛው፤ የአያቱን ሥራ የማይጠይቀውን፣ መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ በእድሩ የሚመዘግበውን። ለእሱ ሰፈሩን ቀድሞ ማወቅ ከሌላው ሰው ይልቅ ያስፈልገዋል። «ገብቶ ይለምደዋል» የሚለው ምክር የሚሠራው የትም ቢገባ በሩ ለሚከፈትለት ሰው ነው።

መስከረም 2011 ላይ የሆነውን ደግሞ የከተማዋ ሰው አይረሳውም። በቡራዩ ስለተገደሉት የጋሞ ተወላጆች የተቆጣው ወጣት የሌሎችን ንብረት ለማጥፋት አርባ ምንጭ ላይ ሲነሳ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። በዚያ ቀን ሳይቃጠል የቀረ ቤት ካርታው የተሟላ፣ ቀለሙም የታደሰ ሊሆን ይችላል፤ ያዳነው ግን ማንም ገማች በዝርዝሩ ውስጥ የማያስገባው ነገር ነው። የሣሩን ዋጋ በካሬ ሜትር ማስላት አልችልም። ቤቱን ከጎረቤት ነጥሎ የሚተምን ሁሉ ግን በዜሮ አስልቶታል።

ባለፈው ዓመት ሴቻ ላይ ቤታቸውን የሸጡ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ያደረጉትን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀለም አልቀቡም። የሚያፈሰውን የሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ ቀየሩ፣ የተሰነጠቀውን የጓዳ ግድግዳ ግን እንዳለ ተዉት፤ ገዢዋን እጇን ይዘው ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ እስክታስገባ አሳዩአት። ውሉ ከመፈረሙ በፊት በነበረው እሑድ ገዢዋን ከነባሏ ወስደው በግራ ያሉት ጎረቤት ቤት አስቀመጧቸው። የእድሩ ዳኛ ተጠራ፤ የማዶዋ ባለ ሱቅም መጣች። ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ ማታ የሚጮኸው ውሻ የማን እንደሆነ፣ በአጥሩ ላይ ዘንበል ያለው የማንጎ ዛፍ ፍሬ በየትኛው ወገን እንደሚለቀም፣ ሁሉም ተነገረ። በማንጎው ላይ ትንሽ ክርክር ተነሳ፤ ጎረቤትየው ሃያ ዓመት የለቀሙትን አሁን ሊተዉ አልፈለጉም፣ ገዢዋ ደግሞ ሳቋን ይዛ «ግማሽ ግማሽ» አለች። ደላላው ውጭ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የቡናው አቦል ተቀድቶ ቶናው ተከተለ፤ በረካው ሲቀርብ ሰዓቱን አየና ከደፉ ላይ ተቀመጠ።