ደኑን ለባለቤቱ ማሳየት፦ ሳይንስና ጥበብ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች

በደቡብ ጎንደር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ በታረሰ ማሳ መካከል እዚህም እዚያም ብቻቸውን የቆሙ ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ ደሴቶችን ያያል። በእያንዳንዱ ደሴት መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዞኑ ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከ1 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። በአካባቢው ለሚኖረው አርሶ አደር ይህ የዕለት ተዕለት እይታ ነው። ዕለት ተዕለት የሚታይ ነገር ደግሞ ሲሳሳ ቶሎ አይታወቅም።

ባለፉት ዓመታት የእነዚህ ደኖች ጉዳይ ከጥናት መጽሔቶች ወጥቶ ወደ ፎቶግራፍ፣ ወደ ፊልምና ወደ ሥነ ጽሑፍ ተሻግሯል። በሌላው ዓለምም የደን ተመራማሪዎች ከሠዓሊያን፣ ከሙዚቀኞችና ከተወዛዋዦች ጋር መሥራት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ጥበብ የደንን ሳይንስ ለሕዝብ ማድረስ እንደሚችል በእነዚህ ሥራዎች ታይቷል። በእኛ ዘንድ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሥራው መጀመሪያ ለማን ይታያል?

ወራሽ ያጣ ደን

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ብሳናን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎች ዛሬ በብዙ ቦታ ተጠልለው የሚገኙት በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ነው። የማር ንብ የሚሰማራበት አበባ፣ ለችግኝ ጣቢያ የሚለቀም ዘር፣ ለከብትም ለሰውም የሚሆን ጥላ ከዚያ ይገኛል።

የጥናቱ ከባድ መልእክት ግን የሚመለከተው ትልልቆቹን ዛፎች አይደለም፤ ከሥራቸው ሊበቅሉ የሚገባቸውን ችግኞች ነው። ተመራማሪው ከባልደረቦቻቸው ጋር በደኖቹ ውስጥ የተወሰነ ቦታ አጥረው፣ ከብት ከሚገባበት ካልታጠረ ቦታ ጋር አነጻጽረዋል። ከብት በማይደርስበት ቦታ ዘሩ የመብቀል፣ ችግኙም የመቆየትና የማደግ ዕድሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከብት በነጻነት በሚገባበት ደን ግን ቡቃያው ይጋጣል፤ የተረፈው በሰኮና ይረገጣል። እንዲህ ያለው ደን ከሩቅ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ግን ሽማግሌዎች እንጂ ልጆች የሌሉበት ቤት ነው። ያረጀው ዛፍ በወደቀ ጊዜ ቦታውን የሚወርስ የለም።

ለውጡን በረጅም ዘመን የተመለከተ ሌላ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶግራፎችን እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ከነበሩ ምስሎች ጋር ያስተያየው ይህ ሥራ፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በአስገራሚ ጽናት እንደቆዩ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቀድሞ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ለእርሻ ተመንጥሯል። ደኑ ከማሳው ጋር በቀጥታ ተፋጥጧል። ባህር ዛፍም በብዙ ቦታ ተስፋፍቷል። ሕዝቡና ቤተ ክርስቲያኒቱ ደኑን ጠብቀው አቆይተውታል፤ ደኑን ይጠብቀው የነበረው ቁጥቋጦ ግን ጠፍቷል ማለት ነው።

አንድ ምስል የሠራው ሥራ

ይህን ሁሉ በቁጥርና በሠንጠረዥ ማስረዳት ይቻላል። የአካባቢውን ካህናት ለሥራ ያነሳሳው ግን ምስል ነበር። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የዛፍ ጫፍ ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ካህናትን ሰብስበው ደኖቹ ከሰማይ ምን እንደሚመስሉ በሳተላይት ምስል አሳዩአቸው። ዕድሜ ልካቸውን በደኑ ጥላ ሥር የኖሩት አባቶች የደናቸውን መሳሳትና በማሳ መካከል ብቻውን መቅረቱን በዓይናቸው አዩ። ከውይይቱም የድንጋይ አጥር ሐሳብ መጣ።

የአጥሩ ጥቅም ድርብ ነው። ድንጋዩ ከማሳ ላይ ስለሚለቀም እርሻው ለሞፈርና ለበሬ ይቀላል፤ የተለቀመው ድንጋይ ደግሞ ከብትን ከችግኙ ያርቃል። ባለሙያዎቹ አጥሩ ከደኑ ጠርዝ ራቅ ብሎ እንዲሠራ ይመክራሉ፤ ይኸውም ደኑ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። እንደ ዛራ ባሉ አጥቢያዎች የተጀመረው ሥራ ወደ ሌሎችም ተሻግሯል።

ከዚህ በኋላ ደኖቹ በዓለም ፊት ታዩ። ስኮትላንዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኪየራን ዶድስ ከአየር ላይ አነሳቸው፤ ጄረሚ ሲፈርት አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠራባቸው፤ ፍሬድ ባንሰን ሰፊ መጣጥፍ ጻፈባቸው። ምስሉ፣ ድምፁና ጽሑፉ ከሳይንሱ ጋር ተባብረው ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቀውን አካባቢ ለሩቅ ተመልካች አቀረቡ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ አድናቆትም ድጋፍም ያመጣል። ነገር ግን በውጭ የሚያደንቀው ተመልካች በማግስቱ ከብቱን ወደ ደኑ የሚነዳ ወይም የሚመልስ ሰው አይደለም። አጥሩን የወለደው ምስል በባለቤቶቹ ፊት የተዘረጋው የመጀመሪያው ምስል ነበር።

በሌላው ዓለም የታየ መንገድ

የዛፍ ጫፍ ተመራማሪዋ ናሊኒ ናድካርኒ፣ ካፓሲተር ከተባለው የሳን ፍራንሲስኮ የዳንስ ቡድንና ከመሥራቿ ከጆዲ ሎማስክ ጋር ሠርተዋል። ተወዛዋዦቹ ወደ ኮስታሪካ ደን ሄደው ያዩትን በአካላቸው ተርጉመው «ባዮም» የተባለ ትርኢት አቅርበዋል። ሐረግ በዛፍ ላይ ሲጠመጠም፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሌላው ላይ ተደግፎ ሲቆም ተመልካቹ በሰው ክንድና ወገብ ላይ ያያል። ዳንሱ ከመጽሔት በተሻለ የሚያስረዳው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መደጋገፍ ነው። አንዱ ተወዛዋዥ ድንገት ቢለቅ ሌላው እንደሚወድቅ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ናድካርኒ በዚህ አላበቁም። በዋሽንግተን ግዛት እስረኞች ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እየተፋቀ ለአበባ ገበያ የሚሸጠውን ለስላሳ አረንጓዴ ተክል የሚያራቡበትን ሥራ አስጀምረዋል፤ በአብያተ እምነት ተገኝተውም ስለ ዛፍ ተናግረዋል። አካሄዳቸው ግልጽ ነው፤ ወደ ንግግር አዳራሽ የማይመጣውን ሰው እርሱ ወዳለበት ሄዶ ማግኘት።

በማሳቹሴትስ በሚገኘው የሃርቫርድ ደን ደግሞ ሠዓሊው ዴቪድ ባክሊ ቦርደንና የሥነ ምህዳር ተመራማሪው አሮን ኤሊሰን እ.ኤ.አ. በ2017 የጋራ ትርኢት ከፍተዋል። ከእስያ የገባች ጥቃቅን ነፍሳት ሄምሎክ የተባለውን ዛፍ እያደረቀች ነበር። ሁለቱ ባለሙያዎች በደኑ ውስጥ በሚያልፈው የእግር መንገድ ላይ የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎችን አቁመው፣ የሚሞተውን ዛፍ ጎብኚው እየተራመደ እንዲሰናበተው አደረጉ። በኦሪገን በሚገኘው የአንድሩስ ደን ደግሞ ጸሐፍትና አርቲስቶች ከተመራማሪዎች ጎን እየተቀመጡ ያዩትን ይመዘግባሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ይህ መርሐ ግብር እስከ 2203፣ ማለትም ለ200 ዓመታት እንዲቀጥል የታሰበ ነው። ዛፍ በሰው ዕድሜ አይለካምና የሚመዘግበውም በትውልድ ቅብብል መሆን አለበት የሚል እምነት አለበት።

ለዚህ ምድር ቅብብል አዲስ አይደለም

ደቡብ ጎንደር የደን ብቻ ሳይሆን የዜማም አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። ዜማ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ለዘመናት ኖሯል፤ ብዙው ትምህርትም የተሰማው በዛፍ ጥላ ሥር በተቀለሱ ጎጆዎች ነው። መቋሚያው ከእንጨት ነው፤ ከበሮውም ከግንድ ተፈልፍሎ በቆዳ የተለጎመ ነው። ደኑና ዜማው አብረው ኖረዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሊቃውንቱ በመቋሚያና በጸናጽል የሚያቀርቡት ዝማሜ ምስጋና እንጂ ለተመልካች የሚቀርብ ጭፈራ አይደለም። በመድረክ ላይ የደን ትርኢት ለማቅረብ የሚያስብ ሁሉ ይህን ወሰን ማክበር ይገባዋል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሀብት በራሱ ሰፊ ነው። እስክስታው፣ የአጨዳና የውቂያ ዜማው፣ የአዝማሪው ማሲንቆ፣ የእረኛው ዋሽንት ሁሉም አርሶ አደሩ ያለ አስተርጓሚ የሚሰማቸው ቋንቋዎች ናቸው። በባሕር ዳር የሚገኘው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ በየወረዳው ያሉ የኪነት ቡድኖችና የትምህርት ቤት ክበባት ከደን ባለሙያዎች ጋር ቢቀመጡ መነሻው ከእጃቸው አይርቅም።

ሳይንስና ጥበብ በአንድ ሰው እጅ ሊገናኙ እንደሚችሉም ምስክር አለ። የደኖቹን ዝርያዎች የቆጠሩት ዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»፣ «ዝጎራ» እና «መርበብት» የተባሉት ታዋቂ መጻሕፍት ደራሲም ናቸው። የጥናት ጽሑፋቸውን ያነበበው ባለሙያ ነው፤ መጻሕፍታቸውን ግን ከደን ሙያ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብሏቸዋል።

ጥበብ የማይፈታው ነገር

ይህ ሲባል ዳንስ በሬን ከደን ያስወጣል ማለት አይደለም። ከብቱን ወደ ደኑ የሚነዳው አርሶ አደር የደን ጠላት ስለሆነ አይደለም የሚነዳው፤ የግጦሽ መሬት ስላነሰው ነው። ጭራሮ የምትለቅመው እናት ሌላ ማገዶ የላትም። በቅጥሩ ዳር ባህር ዛፍ የሚተክለው አጥቢያም ጣሪያውን የሚያድስበትና አገልጋዮቹን የሚደጉምበት ገቢ ይፈልጋል። ደኑ ሲታጠር ጥቅሙ የሁሉም ቢሆንም ጉዳቱ ግን ከአጥሩ ሥር ባለው ቤተሰብ ላይ ይበረታል። ይህን የማይናገር ፊልምም ሆነ ዘፈን ግማሽ እውነት ነው፤ በአርሶ አደሩ ዘንድም ተቀባይነት አያገኝም።

በመሆኑም ስለ ደን የሚሠራ የጋራ የጥበብ ሥራ በሦስት ነገሮች ቢመዘን ተገቢ ነው። አንደኛው ተመልካቹ ነው፤ በአጥቢያው የተቀረጸ ፊልም ከከተማ አዳራሽ በፊት በአጥቢያው ሜዳ ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በገበያ ቀን ሊታይ ይገባል። ሁለተኛው እውነቱ ነው፤ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ የባህር ዛፍ ተክልና 100 ዓመት የቆየ የጥድና የወይራ ደን ለንብም ለውኃም ለዘርም እኩል እንዳይደሉ መናገር አለበት። ሦስተኛው ከጭብጨባው በኋላ የሚቀረው ሥራ ነው፤ ድንጋይ የሚለቀምበት ደቦ፣ ሣሩ ታጭዶ ለከብት የሚቀርብበት ተራ፣ ከቅጥሩ ውጭ ለማገዶ የሚሆን ተክል፣ በሩን የሚጠብቅ ሰው።

የመንግሥት የግብርና ባለሙያዎች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የባህል ተቋማት እነዚህን ጉዳዮች በየፊናቸው ይዘዋቸዋል። አንዱ ችግኝ ይቆጥራል፤ ሌላው ያስተምራል፤ ሌላው ያዜማል። በአንድ አጥቢያ፣ በአንድ ደን ላይ አብረው ቢጀምሩ የሚጠይቀው ወጪ ብዙ አይደለም። የሳተላይት ምስል የሚያሳይ አንድ ማያ፣ አንድ ማሲንቆ፣ ደኑን በስም የሚያውቁ አባቶችና ጥያቄ የሚጠይቁ ልጆች ለመነሻ ይበቃሉ።

የቤተ ክርስቲያን ደኖች እስከ ዛሬ የቆሙት ማንም ስለ ሥነ ምህዳር ስላስተማረ አልነበረም። በውስጣቸው የከበረ ነገር ስላለ ሰው ፈርቶም አፍቅሮም ጠበቃቸው። ያ ፍቅር ዛሬም አለ፤ የጎደለው ከዛፉ ሥር ያለችውን ችግኝ የሚያይ ዓይን ነው። ካህናቱ ከሰማይ የተነሳውን ምስል አይተው ድንጋይ ማንሳት ከቻሉ፣ ልጆቻቸውም ያችን ችግኝ በራሳቸው ዜማና በራሳቸው ትከሻ ሊያዩአት ይችላሉ።