መደቡ ይበልጣል

አንድ የድምፅ ዕቃ ነጋዴ ለአምፕሊፋየሬ «ንዝረት ገዳይ» የሚለውን የጎማ እግር፣ በራሱ በአምፕሊፋየሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ ፈለገ። እኔ ግን የሰቆጣ ልጅ ነኝ፤ መደብ አውቃለሁ።

ንዝረት ውሸት ነው አልልም። የሸክላ መርፌ በቀጭኑ ቦይ ውስጥ ያለውን ከፀጉር የረቀቀ መወዛወዝ ታነባለች፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥም ያንኑ ዘፈን መስሏት ታሰማለች። አምሃ እሸቴ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ አርጅተዋል። መርፌዋ በዘለለች ቁጥር ቦዩ ይጫጫራል፤ የተጫጫረው ደግሞ አይመለስም።

መርፌ ለሌለው አምፕሊፋየር ውድ እግር መግዛት ግን ለእባብ ጫማ መግዛት ነው። ለሸክላ ማጫወቻም ቢሆን ጎማ ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም። ጎማም ሆነ ሞላ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ ከዚያ ልክ በጣም የፈጠነውን ንዝረት ያግዳል፤ ከልኩ ጋር የገጠመውን ግን ያባብሳል። የሰው እርምጃ ዝግተኛ ነውና፣ በሚወዛወዝ የእንጨት ወለል ላይ ለስላሳ እግር ነገሩን ሊያብስ ይችላል።

በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በአያቴ ቤት፣ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ አለ፤ ከመሬቱ ጋር አንድ አካል ነው። ማጫወቻዬን እዚያ ላይ አኑሬ፣ ዘመድ አዝማድ በአፈሩ ወለል ላይ እስክስታውን ሲያስነካው መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።

መደብ የሌለው ከተሜ ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት ግድግዳ ጋር የታሰረ መደርደሪያ ይበቃዋል። ስፒከሩንም ከማጫወቻው ያርቅ። የተረፈውን ገንዘብ አዲስ መርፌ ይግዛበት።