በርበሬ ያስነጠሰው ኮምፒዩተር

በርበሬ በረንዳን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ከማረቆና ከሀላባ የመጣው ዛላ በጆንያ ተቆልሎ፣ ወፍጮው እያጓራ፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ሲያልፍ፣ እንግዳው ሰው ከሰላምታ በፊት ያስነጥሳል። በዚህ ስፍራ ኮምፒዩተርም ያስነጥሳል ብላችሁ ታምኑኛላችሁን? እኔ የሰማሁት ሠላሳ ዓመት ያህል በዚሁ ሙያ ከኖሩ አንድ ሰው ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ ሠፈሩ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ።

ጋሼ የነጋዴዎቹን ኮምፒዩተር እየዞሩ ያክማሉ። ኮምፒዩተር ግለቱን የሚያበርድለት ትንሽ ማራገቢያ በውስጡ አለው፤ ማራገቢያውም አየር ሲስብ የበርበሬውን ብናኝ አብሮ ይስባል። ብናኙ ተጋግሮ መተንፈሻውን ሲደፍነው መኪናው ይግላል፤ ሲግል ይንቀራፈፋል፤ በመጨረሻም በሥራ መካከል ድርግም ይላል። ባለቤቱ «ቫይረስ ገባብኝ!» ብሎ ይጮኻል። ጋሼ ግን ክዳኑን ፈትተው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፍነው፣ በብሩሽ ይጠርጉታል። «ለቫይረስ የሚከፈለው ዋጋ ለአቧራ ከሚከፈለው ስለሚበልጥ፣ አቧራ ነው ብሎ እውነቱን የሚናገር ጠጋኝ ጥቂት ነው» ይላሉ።

እኔን ወደ እሳቸው የወሰደኝ ግን አቧራ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከእኛ ዘንድ ትምህርቱን የጨረሰ አንድ ልጅ የተወለደው በጳጉሜን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ሲሞላለት ኮምፒዩተሩ አሥራ ሁለት ወር እንጂ አሥራ ሦስተኛ አላውቅም አለ። ጸሐፊዋም ወረፋው ስለ ረዘመባት መስከረም 1 ብላ አለፈችው፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አልለወጠችም። በዚህ ምክንያት ልጁ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያህል በአንድ ቀትር አረጀ! የልደት ማስረጃውና መታወቂያው ስላልተስማሙ ሥራ በጠየቀበት ስፍራ ሰነዱ ተመለሰበት። አባቱ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ልጁ የሚያገኛትን ደመወዝ ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል።

ይህን ለጋሼ ባጫውታቸው አልተገረሙም። «ኮምፒዩተሩን አትውቀስ» አሉኝ። «ጳጉሜንን የማያውቅ ቅጽ የሠራ ሰው አለ፤ ቅጹን ሳይመረምር የተረከበ አለቃ አለ፤ ስሕተቱን እያየች ለማንም ያልተናገረች ጸሐፊ አለች። እኔ አዲስ ፕሮግራም ሲያመጡልኝ አስቀድሜ የማስገባው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.ን ነው። ያን ቀን ካልተቀበለ ሌላውን አልጠይቀውም።» እንደምታውቁት ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች፤ በ2015ም ስድስት ነበረች።

እናንተ በመዝገብ ቤት የተቀመጣችሁ ደግሞ የስም ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቃላችሁ። ኃይሉን በሀይሉ ብትፈልጉት ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላችኋል፤ ሰውዬው ግን ከመስኮቱ ፊት ቆሟል። ጋሼ መድኃኒቱ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጎ መጻፍ ነው ይላሉ። በዚህ እኔ አልስማማም፤ አስተማሪ ነኝና። ጽሕፈቱ እንዳለ ሆኖ ሲፈልግ ብቻ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ኮምፒዩተሩን ማዘዝ ይቻላል። የሰውን ስም ከምናርም ፕሮግራሙን ብናርም ይቀላል። ተከራክረን አልተሸናነፍንም።

ፊደላችን ከመኪና ጋር የታገለው ገና ዱሮ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ጽሕፈት ከታይፕ መኪና ጋር ለማስማማት ብዙ የደከሙ ሰው ነበሩ። ኮምፒዩተር ሲመጣም እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዐት ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው በየትም አገር አንድ ሆኖ የሚነበበው። ጋሼ ግን ከዚያ በፊት የተጻፉ ሰነዶች በየመሥሪያ ቤቱ ቁልፋቸው እንደ ጠፋ ሣጥን ተቀምጠዋል እያሉ ይቆጫሉ። አሮጌ ፋይል የምታገኙ ጸሐፊዎች፣ ሳትጥሉ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የሆነውን ማንም አይረሳውም። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰዎች፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ወሰዱ። ባንኩ የጠላፊ ጥቃት አለመሆኑን፣ ከራሱ ሥርዐት ሥራ ጋር የተያያዘ ስሕተት መሆኑን አስታወቀ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። አገሩ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ሲያወራ ጋሼ የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ ለውጡን ማን ሞከረው? ሲበላሽ ወደ ነበረበት መመለሻው ምን ነበር? እኔ ግን የተማሪዎቹንም ነገር አላልፈውም፤ የማሽን ስሕተት የሰውን ገንዘብ የራስ አያደርገውም።

በርበሬ በረንዳ ላይ የማውቃቸው አንዲት እናት ደግሞ የራሳቸው ሥርዐት አላቸው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ገዢው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው፣ እማማ፣ ገብቷል» ይላል። እማማ የሰውን ስልክ አያዩም። የገዛ ስልካቸውን ከፍተው ቀሪ ሒሳባቸው ከፍ ማለቱን ካላረጋገጡ በቀር ጆንያው ከትከሻ ላይ አይወጣም። ሐሰተኛ መልእክት ማቀነባበር ቀላል ሆኗልና! ጋሼ ይህን ሲያዩ ስንት ዲግሪ ያለው ሰው ያላወቀውን አወቁ ይላሉ። ማታ ደግሞ የዕለቱን ሽያጭ በደብተር ይመዘግባሉ። መብራት በሄደበት ቀን ከጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሒሳባቸውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ይወስድብን ይሆን?» ብዬም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁበት ነውና። ጋሼ ራሳቸው ይሠሩበታል፤ የፕሮግራም ስሕተት ያስፈልጉታል። አንዳንድ ጊዜ ፈጥኖ ያገኝላቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሌለውን ነገር በልበ ሙሉነት ይነግራቸዋል። የተሰጠውን ብቻ እየገለበጠ የሚውል ጸሐፊ ቢሰጋ እውነት አለው ይላሉ። ጳጉሜን የለም ሲባል ከወንበሩ ተነሥቶ አለቃውን የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን ገና በየመሥሪያ ቤቱ ይፈለጋል።

የልጁ ጉዳይ ይህን እስክጽፍ አልተፈታም። ቅጹን የሞላው መሥሪያ ቤት ማረም የሚችለው የበላዩ ክፍል ነው ብሎ ልኮታል። ጋሼም ስሕተቱ ከየት እንደ መጣና መዝገቡ እንዴት እንደሚታረም በአንድ ገጽ ጽፈው ሰጥተውታል፤ ሰኞ ጧት ይዞት ይሄዳል።