የጉብኝት ትምህርት ከማኅበሩ ደጅ ይጀመር

የትምህርት ጉብኝት ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው አውቶቡስ ተከራይቶ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ የጎንደርን ግንብ ወይም አዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ማየት ነው። እነዚህን ቅርሶች ማየት ለማንኛውም ልጅ የሚጠቅም መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ለመኪና ኪራይና ለስንቅ የሚሆን ገንዘብ የሌለው የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጉብኝትን ከነጭራሹ ከዕቅዱ ይሰርዘዋል። በዚህም የተነሣ ተማሪው ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ዘር ምርጫ፣ ስለ ሚዛንና ስለ ደን የሚማረው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ይሆናል። የሚያስገርመው ግን በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ አጭር የእግር መንገድ ተሂዶ የሚገኝ መሆኑ ነው።

እርከኑ፣ የችግኝ ማፍያው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉ፣ ጤና ኬላውና የቤተ ክርስቲያኑ ደን የገጠር ልጅ ሙዚየሞች ናቸው። የብዙዎቹ ቁልፍ የሚገኘውም በርዕሰ መምህሩ እጅ ሳይሆን በገበሬ ማኅበራትና በቀበሌ መሪዎች እጅ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የመምህራን ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በአፈር ጥበቃ ረገድ ያለውን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተቋቁመው የዝናቡን መጠን፣ የጎርፉን ብዛትና ጎርፉ ይዞት የሚሄደውን አፈር ሲለኩ ቆይተዋል። ከዚህ ልኬት በመነሣት የስዊስ ተመራማሪው ሐንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ቁጥሩ እንዲያው ሲነገር ለልጅ ብዙም አይገባውም። ይሁንና 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። ሩብ ሄክታር ከሆነች አንዲት ጥማድ 105 ኩንታል አፈር ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያችው ጥማድ የሚታፈሰው ጤፍ ግን ብዙውን ጊዜ ከአምስት ኩንታል አያልፍም። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሒሳብ ራሱ ካወጣው በኋላ የአባቱን ማሳ የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ከዚህም በላይ ልጁ ራሱ ሊለካ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሁለት ተመሳሳይ የላስቲክ ጠርሙሶችና አንድ ማስመሪያ ብቻ ናቸው። ዝናብ ሲጥል በአንድ ተዳፋት ላይ ካሉ ሁለት ማሳዎች፣ ይኸውም እርከን ከተሠራለትና ካልተሠራለት፣ የሚወጣው ጎርፍ በየጠርሙሱ ይቀዳል። ውኃው አድሮ ሲጠራ ከሥር የዘቀጠው አፈር በማስመሪያ ተለክቶ በደብተር ይሰፍራል። እርከን ለምን እንደሚሠራ በስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ከሁለት ጠርሙስ ጭቃ ያየው ልጅ ግን ማታ ቤቱ ገብቶ የሚናገረው ሌላ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘንም እንዲሁ ነው። ተማሪው ሚዛን ከመመዘኑ በፊት ዜሮ ላይ መቆሙን ማረጋገጥን፣ የጆንያውን ክብደት መቀነስን፣ ኩንታሉን በዋጋው ማባዛትን፣ ደረሰኝ ማንበብን በዚያ ሊማር ይችላል። በገበያ ቀን በተዛባ ሚዛን እህሉን የሚያጣ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ሚዛን ማንበብ የሚችል ልጅ ከአጠገቡ ቢቆም ግን ነጋዴው እጁን ይሰበስባል። የማኅበሩን መዝገብ ማንበብ የለመደ ተማሪ ደግሞ ነገ አባል ሲሆን በሒሳብ ሪፖርት ቀን ዝም ብሎ የሚያጨበጭብ አይሆንም። ይህ አንዳንድ መሪ ላያስደስት ይችል ይሆናል፤ ንጹሕ ሒሳብ የያዘ መሪን ግን የሚያኮራ ነው።

በሥራ ማስተማር አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ጆን ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ በከፈቱት ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ እያበሰሉ፣ እየሸመኑና እንጨት እየሠሩ ሒሳብና ሳይንስ ይማሩ ነበር። ማኅተማ ጋንዲም እ.ኤ.አ. በ1937 ለህንድ ልጆች ያቀረቡት የትምህርት ሐሳብ በእጅ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። በኢትዮጵያ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት ችሎታን ማዳበርን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ይዞ ነበር። ሆኖም ጋንዲ የልጆቹ የእጅ ሥራ ተሸጦ የትምህርቱን ወጪ እንዲሸፍን ማሰባቸው ትምህርቱ ወደ ጉልበት ሥራ እንዳይለወጥ የሚል ስጋት ያን ጊዜውኑ አስነሥቶ ነበር።

ይህ ስጋት በገጠሩ ወላጅ ዘንድም አለ። «ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው፤ ቁፋሮውንማ እቤቱም አላጣውም» የሚል ወላጅ ቢኖር ሊነቀፍ አይገባውም። በትምህርት ስም ተማሪ የመምህር ወይም የሹም ማሳ እንዲያርም፣ ላጠፋው ጥፋት ቅጣት ሆኖ እንዲቆፍር ከተደረገ ሥራን ይጠላል እንጂ ትምህርት አያገኝም። ስለዚህ ትምህርቱን ከጉልበት ሥራ የሚለየው መስመር አስቀድሞ በግልጽ መሰመር አለበት።

መስመሩ አስቸጋሪ አይደለም። ተማሪው ከመውጣቱ በፊት መልስ የሚፈልግለት ጥያቄ ሊኖረው ይገባል። ከወጣ በኋላ የሚለካውና የሚጽፈው ነገር ሊኖር ይገባል። ከተመለሰ በኋላም ያየው ነገር በክፍል ውስጥ ሊነገርና ሊታረም ይገባል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው መውጣት ሽርሽር ወይም የጉልበት ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት ጓሮ የሚገኝ ምርት ካለም ገቢው በወላጆች ኮሚቴ ፊት በመዝገብ መግባት አለበት። ሴቶች ልጆች ውኃ እየቀዱና ቤት እየጠረጉ ወንዶቹ ሜትርና ሚዛን የሚይዙበት አሠራርም ከተቻለ ከመጀመሪያው ቀን መቅረት ይኖርበታል፤ ሜትሩ በተራ ለሁሉም ይዳረስ።

የልጆቹ ደኅንነትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ወንዝ በሞላበት ወራት ተማሪን ማሻገር፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት ወደተከማቸበት ክፍል ማስገባት፣ ወፍጮ በሚሠራበት ሰዓት ወደ ቺንጋው ማስጠጋት አደጋ አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ውጊያ በተካሄደባቸው ቦታዎች ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት ሊገኝ ስለሚችል ተማሪዎች ከታወቀ መንገድና ማሳ እንዳይወጡ መጠበቅ የግድ ነው። ጸጥታው በማያስተማምንበት አካባቢ ደግሞ ልጆቹን ከአጥር አለማውጣት ይሻላል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሽማግሌውን፣ አንጥረኛውን፣ ንብ አናቢውንና የግብርና ባለሙያውን ወደ ትምህርት ቤቱ መጋበዝ ይቻላል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው ወቅቱ ነው። የትምህርት ዘመን መስከረም ተጀምሮ ሰኔ ሲያልቅ ዋናው ዝናብ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የጎርፍ ልኬቱ በመስከረም መጨረሻ ዝናብ፣ በበልግ ዝናብ ወይም ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ መጀመሪያ መያዝ አለበት። የተሻሻሉ ዘሮችን ከአገሬው ዘር ጋር በማሠልጠኛ ማዕከሉ ማሳ ላይ አነጻጽሮ ለማየት ጥቅምት ይመቻል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሚበዛ ብዙ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። ይህን የሚያውቁ መሪዎች ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተመካክረው የውቂያውን አውድማ ራሱን የአንድ ቀን ትምህርት ቢያደርጉት፣ ከነዶ እስከ ጎተራ የሚባክነው እህል ስንት እንደሆነ ቢያስለኩ፣ የቀረውን ልጅ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ ይረዳቸዋል። ግንቦት የችግኝ ማፍያው ወር ነው።

መምህሩም ከዚህ ይጠቀማል። ከከተማ የመጣ ወጣት መምህር የአፈሩን ዓይነት፣ የሣሩንና የዛፉን ስም ላያውቅ ይችላል። ከብት ሲጠብቅ ያደገው የስምንት ዓመት ልጅ ግን የትኛው ሣር እንደሚያጠግብ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚነፋ አጥርቶ ያውቃል። በክፍል ውስጥ ፊደል ሲቆጥር የሚያፍረው ልጅ በማሳው መካከል ሲጠየቅ አፉን ይፈታል። ልጅ የሚያውቀው ነገር ዋጋ እንዳለው ሲያይ የማያውቀውን ለመማር ይደፍራል።

የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች ከዚህ ሁሉ የሚጠበቅባቸው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ርዕሰ መምህሩን ጠርተው በዓመቱ ውስጥ ተማሪዎች የሚመጡባቸውን አራት ቀናት መወሰን፣ በየቦታው የሚያስረዳ አንድ አባል መመደብ፣ ከመምህሩ ጋር ሆነው ልጆቹን የሚጠብቁ ወላጆችን መምረጥ፣ ተማሪዎቹም ያገኙትን ልኬት በጉባኤው ፊት እንዲያነቡ ዕድል መስጠት ነው። ስለ አፈሩና ስለ ሚዛኑ የሚነበበው ቁጥር ከልጅ አፍ ሲወጣ ሰምቶ የሚያልፍ ወላጅ ብዙ አይሆንም።

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይባላል። በሄክታር 42 ቶን የሚታጠበው አፈር የዛሬ ተማሪዎች የሚወርሱት አፈር ነው። እስከዚያው የማኅበሩ መጋዘንና እርከን ለተማሪው ዝግ ሆነው ከቆዩ፣ ልጁ መሬቱን በሚረከብበት ቀን የሚያውቀው ከሰሌዳ የገለበጠውን ብቻ ይሆናል።